ቀይ ክር በአንሶላው መሃል

አክስቴ በሕይወቷ የጣለችው ነገር ቢኖር ስታበጥር የሚረግፈውን ጸጉሯን ብቻ ነው ይሉ ነበር የሚያውቋት። እነሱም ቢሆኑ አልደረሱበትም፤ ያንኑ ጸጉር መርፌ በምትሰካባት ትንሽ ትራስ ውስጥ ስትጠቀጥቀው በዓይኔ አይቻለሁ። መርፌ እንዳይዝግ ያደርጋል አለችኝ። እውነትም መርፌዎቿ ዝገው አያውቁም።

እዚያ ቤት የገባሁት የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ሳለሁ ነው። ወላጆቼ ከሚኖሩበት መንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ እናቴ ለእህቷ አደራ ብላ ላከችኝ። አክስቴና ባሏ ልጅ አልነበራቸውም። ባሏን ጋሼ እለው ነበር፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ደመወዙ እስከ ወሩ አጋማሽ በሁለት እግሩ ሄዶ የቀረውን በዳዴ የሚጨርስ ዓይነት ነበር። ቤቱም ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ብቻ፤ ግቢውን ከሌሎች አራት ቤቶች ጋር እንጋራለን።

ይሁን እንጂ የዚያን ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ወርቃማ መጋረጃ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ መቀመጫዋ በግራጫ ጨርቅ የተለበጠች ባለ መደገፊያ ወንበር። እሑድ እሑድ ምሳ የሚቀርበው በማርማላታ ብርጭቆ የተሰካ አበባ መሃል ላይ ተቀምጦ ነው። ሥጋ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይበላል፤ የሚበላው ግን ሬዲዮ ተከፍቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሳይቸኮል ነው። በመንገዱ ጥግ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን፣ አክስቴ ከአንድ ሟች ዘመዷ የተደበቀ ውርስ አግኝታለች ብላ ለመሐላ የምትደርስ ሴት ነበረች።

ውርሱ የተገኘው ከሆስፒታል ነው። አክስቴ ከማግባቷ በፊት በአንድ ሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ስድስት ዓመት ስትጠግን ኖራለች። እዚያ የተማረችውን ሁሉ ይዛ መጥታ ትዳሯን በዚያው ደንብ ታስተዳድር ጀመር። በእሷ ቤት ጨርቅ ሁሉ እንደ ወታደር ማዕረግ ነበረው፤ ልዩነቱ የሚሄደው ወደ ታች መሆኑ ነው። አንሶላ የነበረው የትራስ ልብስ ይሆናል፤ የትራስ ልብሱ ፎጣ፣ ፎጣው የዕቃ ማድረቂያ፣ እሱም የወለል መወልወያ፤ በመጨረሻ ተቀዳዶ ወንበሯ ሆድ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ወለል ስወለውል በእጄ የያዝኩት ጨርቅ ላይ ኮሌታ አገኘሁ፤ የጋሼ የሠርግ ሸሚዝ ነው። ደንግጬ ባሳያት፣ «ምን ያስደነግጥሻል? በክብር ነው የወረደው» አለችኝ።

የሳሙና ርጋፊ በአሮጌ ካልሲ ተጠራቅሞ ሌላ ሳሙና ይሆናል። የጥርስ ሳሙና ቱቦ አለቀ ሲባል በመቀስ ተሰንጥቆ ለሌላ አንድ ሳምንት ያገለግላል፤ ጋሼ ቱቦው ከእሱ የበለጠ ዕረፍት አልባ ነው እያለ ይስቅበት ነበር። አትክልት የምንገዛው ገበያው ሊበተን ሲል፣ ሻጮቹ ጠፍጣፋ ቅርጫታቸውን ይዘው አውቶቡስ ለመያዝ ሲቻኮሉ ነው። ከእሽግ የተፈታ ሲባጎ ሁሉ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ የሚያህል ኳስ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። ከሰው ቤት የመጣ ዕቃ ሳህኑ ይመለሳል፣ ጨርቁ ታጥቦ ይመለሳል፤ ሲባጎው ግን ተመልሶ አያውቅም። በዚህ ነገር አክስቴ ኅሊና አልነበራትም።

ከቁጠባው ሁሉ በላይ ግን አንድ የማይፈርስ ሕግ ነበራት፤ ስፌት አይታይም። የተጠገነ ነገር መጠገኑ ከታወቀ ሥራው ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ስፌቱ የሚታይ ልብስ ለብሶ መንገድ መውጣት ለእሷ መለመን ነበር። እኔም የምለብሰው ሰማያዊ ጉርድ ከጋሼ ሱሪ መሠራቱን ለማንም እንዳልናገር ቃል ገብቼ ነበር። አልጋዬ መሃል ላይ ጀርባዬን የምትነካኝን ቀጭን መስመርም ጠይቄያት፣ «እንቅልፍሽን ተኚ» ብላኛለች።

ከሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጠው የጋሼ ኮት ነው። አመድማ ሱፍ ነበር፤ ከላይ ሲሳሳና ሲያብለጨልጭ አክስቴ ስፌቱን ሁሉ ፈትታ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ እንደገና ሰፋችው። ውስጡ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ኮቱ ከሱቅ የወጣ መሰለ። የተገለበጠ ኮት ግን አንድ የሚያጋልጠው ነገር አለ፤ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። አክስቴ የቀኙን ኪስ ክር በክር እየሸመነች ደፈነችና በግራ አዲስ ከፈተች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በቀኝ ደረቱ ላይ የቀረችው ጥላ የምታህል መስመር ናት፤ ለእሷ ግን መስመሯ የከተማ መንገድ ታህል ነበር። ስለዚህ ጋሼን አዘዘችው፤ ሰው ሲያገኝ ባርኔጣውን አውልቆ በቀኝ ደረቱ ላይ እንዲይዝ።

ጋሼ ታዛዥ ሰው ነበር። የበር ጠባቂውንም፣ ሻይ አፍዪዋንም፣ ጫኝና አውራጁንም ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ በትንሹ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት ጀመረ። በዓመት ውስጥ በፋብሪካው ከእሱ የሚበልጥ ጨዋ የለም ተባለ። ባልደረቦቹም «ሥራ አስኪያጁ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። እውነተኛው ሥራ አስኪያጅ ክርኑ ያብረቀረቀ ኮት ስለሚለብስ፣ አንድ እንግዳ አንድ ቀን ማመልከቻውን ለጋሼ ሰጥቶ እውነተኛውን ሰው ለሥራ አስኪያጁ መንገድ ልቀቅ አለው ይባላል። አክስቴ ይህን ስትሰማ በልቧ ስትደሰት ሁለት ቀን ከረመች። ከደስታዋ በስተጀርባ ምን እንደሚመጣ አላወቀችም።

በዓመቱ የዕቃ ቆጠራ ከመጋዘኑ አሥራ አራት ጣቃ ጨርቅ ጎደለ። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ሲታዩ ደመወዛቸውን ይመስላሉ። ጋሼ አይመስልም። በዚያ ላይ የቤቱ መጋረጃ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ የእኔ ዩኒፎርም ሳይቀር ተወራ። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቀመጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም አንድ ተቆጣጣሪ ከሰፈሩ ሁለት ምስክሮች ጋር መጥቶ ቤቱን እንደሚያይ በደብዳቤ ተነገረው። በደመወዙ ሊገዛ የማይችል ነገር ከተገኘ ከሥራ ይባረራል፤ ከዚያም ፍርድ ቤት ነው።

ጋሼ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበልን። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው። ከዚያ፣ «ቅዳሜ? መጋረጃው ሳይታጠብ?» አለች።

ታጠበ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ተፈተገ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ባልዲ ይጠብቀኝ ነበር። ጋሼ ሥራ ፈት ሆኖ ከክፍል ክፍል ይንቆራጠጣል። መፍትሔው ለእሱ ቀላል ነበር፤ ሁሉ ነገር ይገለበጥና ይታይ፣ ሰውየውም አይቶ ይሂድ። አክስቴ ግን ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ ሰምታለች፤ አንዱ ፊት ለፊታችን ያለው ጡረተኛ መምህር ነው፣ ሌላዋ ያቺው ባለሱቅ። በባለሱቋ ፊት መጋረጃዋን ከምትገለብጥ ራሷን ብትገለብጥ ይቀላታል። ለተቆጣጣሪው በቃል አስረዳዋለሁ፣ ሰው ቃል ያምናል እያለች ነገሩን ትሸሸው ነበር።

ዓርብ ሲመሻሽ ጋሼ እንደ ልማዱ መቀለዱን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ጥናት ላይ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ግን ከእነሱ ዘንድ ነው።

«አንቺ» አላት፤ «እኔ የምባረረው ሰርቄ አይደለም እኮ። ስፌትሽ ስለማይታይ ነው።»

አክስቴ መርፌዋን ትራሷ ላይ ሰካች።

ተቆጣጣሪው ቅዳሜ በሰዓቱ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ማኅደሩን በቀኝ ክንዱ ደረቱ ላይ አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ተቀመጥ ቢባል ደንብ አይፈቅድም አለ፤ ውኃ ቢቀርብለት ደንብ አይፈቅድም አለ። ጋሼ ሳቅ የሚያመልጠው ቢሆን ኖሮ ያኔ ባመለጠው ነበር፤ ነገር ግን ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን እዚያው ቤቱ ውስጥ በቀኝ ደረቱ ላይ አድርጎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። መምህሩ መነጽሩን ይጠርጋል። ባለሱቋ የዓመታት ጥያቄዋ ዛሬ መልስ ሊያገኝ ስለሆነ ከሁላችንም ቀድማ ገብታ ጥሩ ቦታ ይዛለች።

ተቆጣጣሪው ከመጋረጃው ጀመረ። በስንት እንደተገዛ ጠየቀ። አክስቴ አልተገዛም አለች። ታዲያ ከየት መጣ? ቤት ያፈራው ነው አለች። ጻፈ። የጠረጴዛው ልብስስ? እሱም እንደዚያው ነው። ጻፈ። የወንበሩ ልብስስ? አክስቴ፣ ቆየት ያለ ነገር ነው አለች። ባለሱቋ ትንሽ ሳለች። በቃል የምታስረዳው አክስቴ ቃሏ በየጥያቄው እያጠረ፣ የሰውየው ጽሑፍ ግን እየረዘመ ሄደ። ገጹን ገለበጠ። ከእያንዳንዱ መልሷ ጋር ጋሼ ወደ እስር ቤት አንድ እርምጃ የሚቀርብ መሰለኝ።

ይኼኔ ጋሼ ባርኔጣውን ከደረቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ባርኔጣውን ያለቦታው ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ቀኝ ደረቱ ላይ አርፎ ያችን መስመር ለባለሱቋ ዓይን አጋለጣት። አክስቴ መስመሯን አየች፤ ባሏን አየች፤ ባለሱቋን አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው።

ከውስጥ በኩል የደበዘዘ ቀይ ፊደል ነበር። ማንም ሳያዝዘው መምህሩ መነጽሩን አድርጎ ተማሪዎቹን እንደሚያስነብብ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «አንደኛ ደረጃ የስንዴ ዱቄት። የተጣራ ክብደት ሃምሳ ኪሎ።»

አክስቴ አንዴ ከጀመረች በኋላ የሚያቆማት አልተገኘም። የዱቄት ከረጢቱን ዳቦ ጋጋሪው የሰጣት ሽርጡን ስለጠገነችለት ነው፤ ወርቃማው ቀለም የሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ የወጣ ነው። የጠረጴዛው ልብስ አራት የትራስ ልብሶች ናቸው፤ መጋጠሚያቸውን ለተቆጣጣሪው ጣት እየመራች አስዳሰሰችው። ወንበሯን ገልብጣ ሥሯን ከፈተችና የሱሪ ኪስ፣ የካልሲ ተረከዝ፣ የጋሼን የሠርግ ሸሚዝ አንድ እጅጌ ጎትታ አወጣች። እኔንም አልማረችኝም፤ አዙራ የጉርዴን ወገብ ከፍ አድርጋ የወንድ ሱሪ ዚፕ የነበረበትን ቦታ አሳየቻቸው። ባለሱቋ ወደፊት መጥታ እሷም ትዳስስ ጀመር። ተቆጣጣሪው ምስክር አይነካም አላት።

ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባን። ተቆጣጣሪው የነአክስቴን አልጋ ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

በአንሶላው ላይ ቀይ ክር ነበር።

የፋብሪካው ጨርቅ ሁሉ በጠርዙ ላይ አንድ ቀይ ክር አለው፤ ከሌላው የሚለይበት ምልክቱ ነው። ይህን ጋሼም ያውቃል፣ ተቆጣጣሪውም ያውቃል፤ የጋሼ ፊት ሲለወጥ እኛም አወቅን። ሰውየው ቀና ብሎ ይህ የየት ጨርቅ ነው አለ፤ ድምፁ እስካሁን ካወጣው ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር። ጋሼ ፋብሪካው በሠርጋቸው ዕለት የሰጣቸው ስጦታ መሆኑን፣ አሥራ ስድስት ዓመት እንዳለፈው ተንተባትቦ ተናገረ። ሰውየው የስጦታ ወረቀት ጠየቀ። የሠርግ ስጦታ ወረቀት ማን ያስቀምጣል? ሲባጎ የምታስቀምጠዋ አክስቴ እንኳ አላስቀመጠችም።

እሷ ግን አልተንተባተበችም።

«ጌታዬ፣ ቀዩ ክር የጠርዝ ነው አይደል?»

«የጠርዝ ነው።»

«ታዲያ ጠርዝ አልጋው መሃል ላይ ምን ይሠራል ብለው አይጠይቁኝም?»

ሁላችንም አየን። እውነትም ቀዩ ክር በአንሶላው ዳር አልነበረም፤ ሁለት ቀያይ ክሮች ጎን ለጎን ሆነው ከራስጌ እስከ ግርጌ በትክክል መሃል ለመሃል ይወርዳሉ። ያኔ ነው በጀርባዬ የማውቃት የእኔም አልጋ መስመር ምን እንደሆነች የገባኝ።

አክስቴ አስረዳችው። አንሶላ የሚያልቀው መሃሉ ላይ ነው፤ ጠርዝ ላይ የሚተኛ የለምና። ስለዚህ መሃሉ ሲሳሳ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይቀደዳል፤ ያልተነኩት ጠርዞች ወደ መሃል መጥተው ይገጠማሉ፤ የሳሳው ዳር ይሆናል። አዲስ ጨርቅ የሰረቀ ሰው እንዲህ አያደርግም። ብርድ ልብሱን ገፍፋ አንሶላውን አነሳችና ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ አንዱን ዳር ለተቆጣጣሪው ዘረጋችለት።

«ይያዙትና በብርሃን ይዩት። በሁለት እጅዎ።»

ሰውየው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ማኅደሩን ከደረቱ አንስቶ ኮሞዲኖው ላይ አኖረና አንሶላውን ያዘ። ጨርቁ በዳርና ዳሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ከወዲያ በኩል ያለው የአክስቴ እጅ ከነጣቶቹ ይታይ ነበር።

«ይሄኛው የእኔ ወገን ነው» አለች። «ያኛው የእሱ። የእሱ ይበልጥ የሳሳው ሲተኛ ስለሚገላበጥ ነው።»

ባለሱቋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። መምህሩ ጣሪያውን ተመለከተ። ጋሼ ጆሮው ቀላ። አክስቴ ግን አንዳቸውንም አላየችም፤ ዓይኗ ተቆጣጣሪው ደረት ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ማኅደሩ በነበረበት ቦታ፣ በቀኝ በኩል፣ የደረት ኪስ ነበር።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«የማን እጅ ነው?»

ሰውየው ወደ ደረቱ አየ። አንሶላውን ስለያዘ የሚሸፍንበት እጅ አልነበረውም።

«የባለቤቴ» አለ። «ኪሱ ግን እምቢ አላት።»

«ከሌላ ቦታ ባመጣችው ክር ከሸመነችው እምቢ ይላል። ከኮቱ ከራሱ ክር ነው የሚደፈነው፤ ከግርጌው እጥፋት ይገኛል።»

ተቆጣጣሪው አንሶላውን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት፤ ማኅደሩንም አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው። «ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» አለ። ከዚያ ቆሞ ረጅም ነገር ጻፈ፤ ምስክሮቹን አስፈረመ፤ ውኃውንም ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስምንት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላስታውስም ብል ይቀለኛል። ጋሼ ደብዳቤ ይጠብቃል። አክስቴ ደግሞ ሱቅ መሄድ ትታ እኔን ትልካለች፤ ስፌቷ ሁሉ በሰፈሩ አፍ ላይ የዋለ እየመሰላት በር ላይ እንኳ አትቆምም። በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። የጎደለው አሥራ አራት ጣቃ በቅርንጫፉ መጋዘን፣ ከመለዋወጫ ሳጥኖች ሥር፣ ያለ ወረቀት ተልኮ መገኘቱን ይናገራል። ጋሼ ሰኞ ሥራ ይግባ። ከደብዳቤው ጋር የተቆጣጣሪው ሪፖርት ቅጂ ተያይዞ ነበር፤ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «በቤቱ ከደመወዙ በላይ የሆነ ንብረት አልተገኘም። ከደመወዙ በላይ የሆነ ሥራ ግን ተገኝቷል።»

ጋሼ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅንም። አክስቴ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተቀየመች። አሥራ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ቤት ምንም አልተገኘበትም ይባላል ወይ ብላ አጉረመረመች። ሁለተኛውን ግን ቀስ ብላ ደጋግማ ስታነበው አየኋት፤ ወረቀቱንም አጥፋ ወሰደችው። እስከ ዛሬ እዚያ ቤት ከገባ ወረቀት ሁሉ የዕቃ መጠቅለያ ያልሆነው እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ጋሼ ኮቱን ለብሶ ወጣ። በሩ ላይ መምህሩን አገኘና ባርኔጣውን አውልቆ ቀኝ ደረቱ ላይ አደረገ። አክስቴ ከኋላው፣ «አሁን ማንን ነው የምትደብቀው? አገር አየው እኮ» አለችው። እጄ ለምዶበት ነው አላት፤ ጡረታ ወጥቶም አልተወውም።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ገደማ ባለሱቋ መጣች። አክስቴ መሳለቂያ ልትሆን እንደሆነ አስባ ፊቷን አጠንክራ ከፈተችላት። ሴትዮዋ ግን ግራ ቀኝ አይታ ከነጠላዋ ሥር የባሏን ኮት አወጣችና፣ ይገለበጣል ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። አክስቴ ጨርቁን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸችው። ይገለበጣል አለች፤ ለማንም እንዳትነግሪ። አልነግርም አለች ባለሱቋ። በሳምንቱ አምስት ሴቶች አምስት ኮት ይዘው መጡ፤ ሁሉም ለማንም እንዳይነገርባቸው ለመኑ።

በወሩ መጨረሻ ጋሼ ከሥራ ሲመለስ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ እሽግ ይዞ ገባ። ተቆጣጣሪው በር ላይ ጠብቆ የሰጠው ነው፤ ጉዳዩ ስለተዘጋ ደንብ ይፈቅዳል ብሏል። ውስጡ ኮቱ ነበር፤ የእጅ ዋጋም በፖስታ ታሽጎ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ በዚያው በቀኙ ኪስ።

አክስቴ ሁለት ሳምንት ሠራችበት። ሲያልቅ መስኮቱ ላይ ሰቅላ እኔንና ጋሼን ጠራችን፤ የቀድሞው ኪስ የት እንደነበረ አሳዩኝ አለች። ጋሼ አንድ ቦታ ነካ፤ እኔ ሌላ ቦታ ነካሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ኮቱን በዚያው ጋዜጣ ጠቅልላ፣ ጫፎቹን አጣጥፋ፣ የእጅ ዋጋዋን ወስዳ፣ ለሚስቱም አሠራሩን በወረቀት ጽፋ ላከች።

ሲባጎው ግን አልተመለሰም።